ሳይታመሙ መመዝገብ
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ሕክምናና ስለ ጤና መድን የተደረገ ንግግር



 በሥራም በሕመምም ምክንያት ያልተገኙ አባላት ስላሉ ይህ ንግግር በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል። ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶቻችን ልጆች ቆመው ያንብቡላቸው።

እንደሚታወቀው ማኅበራችን የተቋቋመው ለክፉ ቀን ነው። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣል፣ ለሐዘንተኛው ቤት ገንዘብ ይሰጣል። በዚህ በኩል ማንም አያማንም። ነገር ግን ከሞት በፊት በሽታ አለ። በበሽታው ጊዜ ማኅበሩ የት ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ መልሳችን ምንድን ነው? ሄደን ጠይቀናል፣ ብርቱካን ይዘን ገብተናል፣ «እግዜር ይማርዎ» ብለን ወጥተናል። ይኼ ደግ ሥራ ነው፤ የመድኃኒት ዋጋ ግን አይከፍልም።

ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። መንግሥት በየዘመኑ የሕክምናውን ደንብ ለዋውጧል። ደንቡ በተለወጠ ቁጥር ድሀ ወደ ሕክምና የሚገባበት በር ቦታውን ይለውጣል። የድሮውን በር ሲያንኳኳ የሚውል ሰው ደጅ ያድራል። ዱሮ ሰው ከታመመ በኋላ ነበር ወረቀት የሚፈልገው፤ ዛሬ ግን ወረቀቱ የሚገኘው ሳይታመሙ ነው። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ በታመመ ቀን ይጎዳል። የንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ደንቡ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች ተቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ የነበረውን ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። አቅም የሌለው ሰው ሲታመም ወደ ቀበሌው ይሄዳል፣ «ይህ ሰው የመክፈል ችሎታ የለውም» የሚል ወረቀት ያጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ያንን ይዞ ሆስፒታል ይቀርባል። መልካም ነበር፤ ችግርም ነበረው። አንደኛ፣ በሽተኛው እያቃሰተ ፈራሚው ስብሰባ ገብቶ ሊውል ይችላል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን የተቀበለው ሆስፒታል ለነፃ በሽተኛው ያወጣውን ወጪ የሚተካለት አልነበረም። ስለዚህ ምርመራው በነፃ ይሆንና መድኃኒቱ «ከውጭ ግዙ» ይባላል። ነፃ የተባለው ሕክምና ግማሹ ነፃ፣ ግማሹ የኪስ ነበር ማለት ነው።

በ1990 ዓ.ም. የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ የሚባል ፖሊሲ ወጣ። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን ለእኛም ይገባናል። ከዚያ በፊት በሽተኛው ለካርድና ለመድኃኒት የከፈለው ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ፖሊሲው ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ የሰበሰቡትን ገንዘብ ራሳቸው ይዘው ለመድኃኒት፣ ለዕቃና ለጥገና እንዲያውሉት መንገድ ከፈተ፤ ክልሎችም በየጊዜው የየራሳቸውን ሕግ አውጥተው ሥራ ላይ አዋሉት። ድሀውንም በሚመለከት ደንቡ ተለወጠ። የነፃ ሕክምና ተጠቃሚ የሚመረጠው በታመመ ቀን ሳይሆን አስቀድሞ፣ በሚኖርበት ሰፈር ሰዎች ታይቶ እንዲሆን፣ የሚታከምበትንም ዋጋ አስተዳደሩ ለጤና ተቋሙ እንዲከፍል ተወሰነ። እንግዲህ ሳይታመሙ መመዝገብ የሚባለው ነገር የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ የጤና መድን ነው። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ። ይህ ደመወዝተኛውንና ጡረተኛውን የሚመለከት ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ሥራ ላይ ሳይውል ለብዙ ዓመታት ቆየ። ገበሬውን፣ ጉልት ቸርቻሪውን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ልብስ ሰፊውን የሚመለከተው ግን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህኛው በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት የጤና መድን ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ይባላል። ወደ እኛ ወደ አዲስ አበባ ዘግየት ብሎ መጣና በጥቂት ወረዳዎች ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ።

ሦስቱንም በአንድ ላይ ስናያቸው፣ ደንቡ ሲለወጥ አንዱ ሲጠቀም ሌላው ሳያውቀው ከዝርዝር ይወጣል። አዋጅ በጋዜጣ ይወጣል፣ በራዲዮ ይነገራል። ሽንኩርት ስትመነዝር የዋለች እናት ግን ራዲዮ ከፍታ አልዋለችም። ለእሷ የሚነግራት ጎረቤት ነው። ማኅበር ማለትም ይኸው ነው።

ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሕክምና

ስለ መድኑ ከመናገራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለን። መድን ቢኖርም ባይኖርም፣ ሀብታምም ሆነ ድሀ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ። እነሱም የነፍሰ ጡር ክትትል፣ በጤና ጣቢያ መውለድና ከወሊድ በኋላ የሚደረግ ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና መድኃኒት፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት ናቸው።

የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንኳ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አስቀድሞ በገንዘብ ነበር የሚገኘው፤ በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ስንቱን ጎረቤት ነው የቀበርነው? ከዚያ በኋላ ደግሞ ስንቱ ነው ልጁን ድሮ የልጅ ልጁን ያየው? መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። የመንግሥት ፖሊሲ የሚባለው ነገር ሩቅ መስሎ ይታየናል እንጂ ሰው ከሚሞትበትና ከሚድንበት ነገር አንዱ ነው።

ይህን ያነሣነው በሰፈራችን «ገንዘብ የለኝም» ብላ የእርግዝና ክትትል የተወች፣ ሳሉ ወር ሙሉ ሲያስለው «ምን ይዤ ልሂድ» ብሎ ቤቱ የተኛ ሰው ስላለ ነው። ለነዚህ ምንም መያዝ አያስፈልግም። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

መድኑ እንዴት ነው የሚሠራው?

ብዙ ሰው «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ኧረ ለመሆኑ ለዕድሩ ስንከፍል ሞተን ነው እንዴ? መድኑ ከዕድር የተለየ ነገር አይደለም። ሁሉም በየዓመቱ ያዋጣል፣ ገንዘቡ በአንድ ቋት ይቀመጣል፣ በዚያ ዓመት የታመመው ይታከምበታል፣ ያልታመመው አምላኩን ያመሰግናል። የጤና ተቋሙ ያከመበትን ሒሳብ አስልቶ ከመድኑ ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል፤ በሽተኛው ካርድ ክፍል ላይ ገንዘብ አይጠየቅም።

ምዝገባው በቤተሰብ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ፣ የትዳር ጓደኛና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአንድ ደብተር ይገባሉ። ከዚያ በላይ ለሆኑና በቤቱ ለሚኖሩ ተጨማሪ ይከፈላል። «እኔ ደኅና ነኝ፣ እናቴን ብቻ መዝግቡልኝ» ማለት አይቻልም። ይህ ክፋት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። በማኅበራችንም ደንብ አልጋ ላይ የዋለን ሰው እንደ አዲስ አባል አንመዘግብም፤ ለምን ቢባል ሰው ሁሉ ሊሞት ሲል ብቻ ቢመዘገብ የዕድሩ ሣጥን በአንድ ወር ባዶ ስለሚሆን ነው። መድኑም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ምዝገባና እድሳት የሚደረግበት ጊዜ ተወስኖ ይነገራል፤ ጊዜው ካለፈ «ዛሬ ታምሜያለሁና ልክፈል» ቢሉ ተቀባይነት የለውም። አዲስ የገባም ሰው ወዲያውኑ ሳይሆን የተወሰነውን ጊዜ ጠብቆ ነው መጠቀም የሚጀምረው።

ሕክምናው የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን የሪፈር ወረቀት ይጽፋል፤ በዚያ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። ወረቀቱን ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊያወጣ ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ደም እየፈሰሰው ወረቀት ፍለጋ የሚዞር የለም። የዓይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለቁንጅና ተብሎ የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። ውል ያልገባ የግል ክሊኒክም አይሸፈንም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በኋላ ከመጣላት ያድናል።

ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲጠፋስ? ይኼ የአባላት ዋና ቅሬታ ነው፤ እውነትም ነው። «ከፍለን ተመዝግበን መድኃኒት የለም ተባልን» የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ቀዶ ከመጣል ይልቅ «መድኃኒቱ የለም» የሚል ማኅተም ያለበት ማዘዣ መጠየቅና መድኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት የትኛው እንደሆነ ጠይቆ መሄድ ይገባል። አንዱ ብቻውን ቢጮህ የሚሰማው የለም፤ ቅሬታችሁን ለኮሚቴው ካመጣችሁ ግን ሰብስበን በማኅበሩ ማኅተም ለወረዳው እናቀርባለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ለተረት ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ያየነው

ስም አንጠራም፤ ቤተሰቡም ፈቅዶልናል። በሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ አባወራ ሁለት ዓመት መድኑን ከፍሎ ማንም ሳይታመምበት ቀረ። በሦስተኛው ዓመት «ገንዘቤን ውኃ በላው» ብሎ ሳያድስ ተወው። ደግሞም የእድሳቱ ወር ከልጆቹ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ጋር ገጠመበት፤ በአንድ ጊዜ ያንን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለደህና ሠራተኛም ይከብዳል። ጊዜው ካለፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ባለቤቱ በሆዷ ሕመም ወደቀች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ። ሮጦ ወረዳ ሄደ፤ ምዝገባው ተዘግቷል ተባለ። ወደ እኛም መጣ። እኛም ከኪሳችን ያለንን አዋጣን፤ አልበቃም። በመጨረሻው የስፌት መኪናውን ሸጠ።

ሴትዮዋ ተርፋለች፤ ተመስገን። ነገር ግን ያ ሰው ዛሬ በሰው መኪና ላይ ተቀምጦ በቁርጥ ይሠራል። የእንጀራ መሣሪያው ከእጁ ወጥቷል። ያ ቤት ያጣው ከአንድ ዓመት መዋጮ ጋር ሲተያይ የትየለሌ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

ልብ በሉልን፤ ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፣ ሰካራምም አይደለም። ያጣው ነገር በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብና «እድሳቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀረው» የሚለው ጎረቤት ነው። ሁለቱንም ማኅበር ሊሰጥ ይችላል።

መዋጮው ለምን ይጨምራል?

አባላት «በየጊዜው ይጨምራሉ» ይላሉ። ምክንያቱን ማወቅ ጥሩ ነው። በሙከራው ጊዜ የፌዴራሉ መንግሥት በአባላት መዋጮ ላይ 25 በመቶ ይጨምር ነበር፤ በኋላ ይህ ድጎማ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል። ድጎማው ሲቀንስ የአባሉ ሸክም ይከብዳል። ሁለተኛው ምክንያት የመድኃኒት ዋጋ ነው። በአገራችን የምንጠቀምበት አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ ቀን በፊት 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የሚገዛ መድኃኒት ምን እንደሚሆን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ሦስተኛም ነገር አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አገደ። በዚያ ገንዘብ በአገራችን ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በሩቅ አገር የተፈረመ አንድ ወረቀት እዚህ ጤና ጣቢያ ወንበር ባዶ አደረገ ማለት ነው። በዚያን ሰሞን «መድኃኒቱ ቀረ» የሚል ወሬ ሰምተው መድኃኒታቸውን ከመውሰድ የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በወሬ አይቋረጥም። ጠያቂ ሄዶ ከጤና ጣቢያው ከራሱ አፍ መስማት አለበት።

ይህን ሁሉ ያልነው ለማማረር አይደለም። ደንብና ዋጋ ነገም ይለወጣሉ። እኛ ማድረግ የምንችለው ለውጡ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ፣ ተባብሮ የሚከፍል እጅ ማዘጋጀት ነው።

ስለ ድሆች ዝርዝር

መዋጮውን መክፈል ፈጽሞ ለማይችሉ ቤተሰቦች አስተዳደሩ ይከፍልላቸዋል። ነገር ግን ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚያጣራው ኮሚቴ ከሰፈሩ ሰዎች ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው ሕሊና የሚያስፈልገው። ባለ ሱቅ የሆነ ሰው የአክስቱን ስም ካስገባ፣ ከጓሮ ያለች ልጅ አልባ አሮጊት ትወጣለች። አንድ ስም ሲገባ አንድ ስም እንደሚቀር እንወቅ። ደግሞም ድሀ ሁሉ «ድሀ ነኝ» ብሎ አይጮህም። በጣም የተቸገረው አንገቱን ደፍቶ ቤቱ የሚቀመጠው ነው። ይሉኝታ ብዙ ሰው ገድሏል።

ስለዚህ ኮሚቴያችን በየመንደሩ ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ እንዲመደብ ይጠይቃል። ሥራቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን፣ አልጋ ላይ የዋሉ በሽተኞችን፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ኪራይ ቤት እየቀያየሩ የሚኖሩ ቤተሰቦችን መዝግቦ ማምጣት ነው። በተለይ ተከራዮች ይረሳሉ። ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው መታወቂያው እስኪዛወር ከዚያም ከዚህም ሳይሆን ይቀራል። መሸኛ ያላመጣችሁ ዛሬውኑ ሂዱና አምጡ። አከራዮችም «ተከራዬ ነው» የሚል ቃል መስጠት አትሰልቹ።

ጡረተኞቻችንንም በሚመለከት፣ በ2002ቱ አዋጅ የተመደቡት ከደመወዝተኛው ጋር ነው። ስለዚህ የትኛው መዝገብ ውስጥ እንደሚገቡ ጥያቄ አለ። ኮሚቴው የጡረተኛ አባላትን ስም በአንድ ወረቀት አድርጎ ለወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት ያቀርብና መልሱን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ወረፋ ላይ አንድ በአንድ ከመንገላታት ይህ ይሻላል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንጨምር። በግል ድርጅት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ፣ ዘበኞችም፣ የሱቅ ሠራተኞችም፣ ሾፌሮችም፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የጡረታ መብት ተሰጥቷችኋል። ከዚያ በፊት ይህ መብት በአመዛኙ የመንግሥት ሠራተኛው ነበር። መዋጮው ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ከደመወዛችሁ 7 በመቶ እየተቆረጠ ከሆነ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን አስቀምጡ። የልጅ የልደት ማስረጃና የጋብቻ ማስረጃም አስቀድማችሁ አውጡ። ባል ከሞተ በኋላ ጋብቻውን ለማስረዳት የምትንከራተት እናት አይተናል። እዚህም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ ወረቀት የሚዘጋጀው ከችግሩ በፊት ነው።

ለጉባኤው የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ኮሚቴው የሚከተለውን ሐሳብ አቅርቧል።

አንደኛ፣ ማኅበራችን ካለው ተቀማጭ ላይ የተወሰነ ገንዘብ ለብቻው ተለይቶ «የጤና መድን ማስቀደሚያ» ተብሎ ይያዝ። የዓመቱን መዋጮ በአንድ ጊዜ መክፈል ላልቻለ አባል ማኅበሩ አስቀድሞ ይክፈልለት። አባሉም ያንን ገንዘብ ከወርኃዊ የዕድር ክፍያው ጋር በ10 ወር ቀስ እያለ ይመልስ። ወለድ የለውም።

ሁለተኛ፣ የእድሳቱ ጊዜ በተነገረ ዕለት ጡሩንባ ነፊያችን ሦስት ቀን በየመንደሩ ይዙር። ጡሩንባው ሞት ብቻ ይናገር ያለው ማነው? አንድ ጊዜ ደግሞ የሕይወት ነገር ይናገር።

ሦስተኛ፣ የዓመቱ የመዋጮ መጠን፣ የምዝገባው መክፈቻና መዝጊያ ቀን፣ ውል የተገባበት ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት ከወረዳው በጽሑፍ ተጠይቆ በሰሌዳው ላይ በየዓመቱ ይለጠፍ።

አራተኛ፣ ብቻውን ወረዳና ጤና ጣቢያ መሄድ ለማይችል አባል ከወጣቶቻችን አንድ አጃቢ ይመደብለት።

በመጀመሪያው ሐሳብ ላይ በኮሚቴው ውስጥም ክርክር ነበር፤ ልንደብቃችሁ አንፈልግም። አንዳንድ አባቶቻችን «የዕድር ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው፤ ነገ ሦስት ሰው በአንድ ሳምንት ቢሞት ምን እናደርጋለን?» ብለዋል። ይህ የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ይህንን ቋት ያጠራቀሙት እነሱ ናቸውና ሊጠብቁት ይገባል። ለዚህም ሲባል ለቀብር የሚያስፈልገው ገንዘብ አስቀድሞ ተቆጥሮ ሳይነካ እንዲቀመጥ፣ ማስቀደሚያው ከትርፉ ላይ ብቻ እንዲወጣ፣ ገንዘብ ያዡና ዳኛው ሁለቱም ሳይፈርሙ አንድ ብር እንዳይወጣ፣ ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በሐሳቡ ውስጥ ገብቷል። የተበደረ ሰው ባይመልስስ? ለሚለውም ሁለት አባላት ዋስ ይሆኑታል። በሰፈር ውስጥ ከጎረቤት ዋስ የሚበልጥ ዋስ የለም።

ሌሎች ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብለዋል። ሕክምናን ማዘጋጀት፣ መድኃኒት ማቅረብ፣ ለድሀው መክፈል የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ይህንንም ከመጠየቅ ወደ ኋላ አንልም። ነገር ግን መንግሥት የእከሌ ቤት እድሳት እንዳለፈበት አያውቅም። እኛ እናውቃለን። መንግሥት እገሊት ከአልጋ ከተነሣች ሁለት ሳምንት እንደሆናት አያውቅም። እኛ በጭስዋ እናውቃለን፤ ጭስ ካልወጣ እንጠይቃለን። የጎረቤት ሥራ የሚጀምረው የመንግሥት ዓይን ከሚያልቅበት ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

የውሳኔ ሐሳቡ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ በድምፅ ይወሰናል። እስከዚያ ድረስ በቤታችሁ ተነጋገሩበት፤ የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ሴቶች አባላት በተለይ እንዳትቀሩ አደራ እንላለን፤ በሽተኛ የሚያስታምም ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለንና የዚህ ነገር ዋና ባለ ጉዳዮች እናንተ ናችሁ።

እስከዚያው ድረስ ግን የማንንም ድምፅ የማይጠብቁ ሥራዎች አሉ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የመድን ደብተራችሁን ፈልጋችሁ አውጡ፤ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። አዲስ የተወለደ ልጅ ካለ ስሙ መግባቱን ተመልከቱ። ደብተር የሌላችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወረዳ ጠይቁ። ከዚያም የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና «የእናንተስ ታድሷል ወይ?» በሉ። ይህን ለመጠየቅ ኮሚቴ መሆን አያስፈልግም።

ማኅበራችን እስከ ዛሬ አባሎቹን በክብር ሲሸኝ ኖሯል፤ ወደፊትም ይሸኛል። ከእንግዲህ ደግሞ ከመሸኘቱ በፊት የሚያቆይበትን መላ ይፈልግ። ለቀባሪ የማይሰስት ሰፈር ለአስታማሚም መሰሰት የለበትም።

 

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው